ወለድ፣ ግሽበትና ዶላር፦ የጎንደር ልጆች ጥያቄና መልስ

መልስ፦ ጥያቄያችሁን ከነቁጥሩ አምጡ። ስንት ብር፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ወለድ?

የአራዳዋ ነጋዴ፦ ጋሼ፣ 100,000 ብር በ7 በመቶ ባስቀምጥ አተርፋለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዓመቱ 107,000 ይሆንልሻል። ግሽበቱ 20 በመቶ ከሆነ ግን ዛሬ በ100,000 የምትገዢው ዕቃ 120,000 ገብቶ ይጠብቅሻል። 107ን ለ120 አካፍይ፤ 0.89 ይመጣል። ብርሽ በቁጥር ጨመረ፣ የመግዛት አቅሙ ግን ወደ 11 በመቶ ወረደ። ከ20 ላይ 7 ቀንሶ «13 ከሰርኩ» የሚል አለ፤ ግሽበት ከፍ ባለ ቁጥር ይህ አቆጣጠር ይበልጥ ያሳስታል፤ አካፍሉ። ግሽበት ያልተቀነሰለትን ወለድ ትርፍ አትበሉት።

ወለድ፣ ግሽበትና ዶላር የሚያያዙትም እዚህ ላይ ነው። ወለዱ ከግሽበቱ ሲያንስ ባለገንዘቡ ብሩን ትቶ ወደ ቆርቆሮ፣ ወደ ቦታ፣ ወደ ዶላር ይሸሻል። ዶላር ፈላጊ ሲበዛ ብር ይወርዳል፤ ብር ሲወርድ ከውጭ የሚገባው ይወደዳል፤ ግሽበቱም ይጨምራል። ያኔ ያው 7 በመቶ ከበፊቱ ያነሰ ይሆናል።

የደምቢያው ገበሬ፦ ጤፍ በዶላር አይገዛ፤ ለምን ተወደደ?

መልስ፦ ማዳበሪያው በዶላር ይገዛል። ጤፉን ወደ ገበያ የሚያመጣው የአይሱዙ ናፍጣም እንደዚያው። መንገድ ሲዘጋ የሚጨምረው ዋጋ ግን የምንዛሪ ጉዳይ አይደለም፤ አትቀላቅሉት።

የፒያሳው፦ ዶላር መቼ ይወርዳል?

መልስ፦ ቀን አልናገርም።

ሰሊጥ ነጋዴ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ዕቃው ሁሉ ለምን በዚያው ልክ አልጨመረም?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ነው። ከ57 ወደ 100 ሲሄድ ዶላር በ75 በመቶ ጨመረ፣ ብር ደግሞ በ43 በመቶ ወረደ፤ ሁለቱን ቁጥሮች አታምታቱ። አስመጪው ዶላር ከባንክ ስለማያገኝ ስልኩንና ጨርቁን ቀድሞም የሚተምነው በጥቁር ገበያው ዋጋ ነበር፤ ስለዚህ ጭማሪው አስቀድሞ ገብቶበታል። የተመታው በባንክ ተመን ይገባ የነበረው ነው፦ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት። በሰሊጡም በኩል፣ ድሮ ላኪው ዶላሩን ለማግኘት ሲል እዚህ በውድ ገዝቶ ውጭ በኪሳራ ይሸጥና ኪሳራውን ባስመጣው ዕቃ ላይ ይጭነው ነበር። የባንኩና የጥቁር ገበያው ተመን ልዩነት ሲጠብ ያ ሒሳብ አያዋጣም። ልዩነቱ እንደገና ከሰፋ ግን ይመለሳል፤ የምትከታተለው ይህንን ልዩነት ይሁን።

የአዘዞ ልጅ፦ ብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ ብሎ ባንኩ ለምን 7 ይከፍለኛል?

መልስ፦ 15ቱ በ2016 የወጣ የፖሊሲ ወለድ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር ሲገበያይ የሚጠቀምበት። 7ቱ የቁጠባ ወለሉ ነው፤ ባንክ ለቁጠባ ከዚያ በታች እንዳይከፍል የተቀመጠ። ብርህ በርከት ካለ በጊዜ ገደብ አስቀምጥና ተደራደር። ግሽበቱን ይበልጥ የያዘው በነሐሴ 2015 በ14 በመቶ የተጀመረው የብድር ዕድገት ጣሪያ ይመስለኛል፤ የባንኮች ብድር በዓመት ከዚያ በላይ እንዳያድግ የሚከለክለው፣ በኋላ ከፍ ቢደረግም።

ሰሊጥ ነጋዴ፦ ጣሪያው እኮ ነጋዴውን ነው ያነቀው!

የአራዳዋ ነጋዴ፦ ባንኩን ተዉት፣ ዕቁብ ይሻላል። ወለድ የለው፣ ግሽበት አይነካው።

ሰሊጥ ነጋዴ፦ መጀመሪያ ለደረሰው!

መልስ፦ እሱ ልክ ነው። 12 ሰው በወር 5,000 ቢጥል ዕጣው 60,000 ነው። በ20 በመቶ ግሽበት መጨረሻ የሚወስደው ሰው እጅ የሚገባው በመጀመሪያው ወር ዋጋ 50,800 ገደማ ነው። የመጨረሻ ዕጣ የሚወስድ ማካካሻ ይጠይቅ። ግሽበት ያልተቀነሰለትን ገንዘብ እንዳለ አትቁጠሩት ብያለሁ።

የፒያሳው፦ ግሽበት ቀነሰ ይላሉ፣ ዘይት ግን አልቀነሰም። ዶላርስ?

መልስ፦ ግሽበት ከ20 ወደ 14 ወረደ ማለት የ100 ብሩ ዕቃ 120 መግባቱ ቀርቶ 114 ገባ ማለት ነው። ዋጋው አሁንም ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ነው የቀነሰው። የዶላሩን ቅድም መልሻለሁ።