ሴፍቲ ታንከሩ በየወሩ ለሚሞላባት እህት

እህቴ፣ «ገላን ቤት ሠርተን ከገባን ዓመት ከመንፈቅ ነው፣ ሴፍቲ ታንከራችን በየወሩ ይሞላል፣ ኬሚካል ጨምሩበት ይሉናል፣ ይጠቅማል ወይ?» ብለሻል። ይቅርብሽ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። እኔም ቱሉ ዲምቱ ቤት ስሠራ ይኸው ራሱ ነው የደረሰብኝ። በአንድ ክረምት ሰባት ጊዜ አስመጥጫለሁ።

1. ታንከሩ መሙላቱ ችግር አይደለም። ሁልጊዜም ሙሉ ሆኖ ነው የሚሠራው። ከባዱ ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሀል ያለው ውሃ በቲ ቧንቧው አልፎ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይሄዳል። ከዚያ አፈሩ ይጠጣዋል። አፈሩ አልጠጣም ሲል ነው ወደ ቤት የሚመለስብሽ። ስለዚህ የሁለተኛውን፣ ማለትም የማስረጊያውን ጉድጓድ ክዳን አስከፍቺ።

2. የማስረጊያውን ግድግዳ እዪ። እኔን ያከሰረኝ እሱ ነው። ግንበኛው ሁለቱንም ጉድጓድ ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ ለሰነው፣ ወለሉንም ኮንክሪት ሞላበት። «ጋሼ፣ ጠብታ አያሳልፍም» ብሎ አስረከበኝ። እኔም አመስግኜ ከፈልኩት። ውሃ እንዲያሰርግ የተቆፈረን ጉድጓድ እኮ ነው የደፈነው! ይህን ያወቅኩት ደግሞ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ የቦቴው ረዳት ባትሪ አብርቶ ሲያይ ነው። «ይሄማ ተለስኗል፣ ውሃው በየት ይውጣ?» አለኝ። የዚያን ልጅ ውለታ አልረሳም።

ያልረሳሁት ሌላም አለ። ቦቴ ለማስመጣት ተራ ልይዝ ቢሮ ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ተመዝገብና ጠብቅ» አለችኝ። 11 ቀን ጠበቅኩ። በእነዚያ ቀናት እናቴ በዚያ ዕድሜዋ፣ በዝናብ፣ ምርኩዟን ይዛ ጎረቤት ሽንት ቤት ትሄድ ነበር። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠበቅኩም። የተለሰነውን አላፈረስኩትም፣ ሁለተኛ ማዝቀጫ ሆኖ ቀረ። አዲስ ማስረጊያ ግን አስቆፈርኩ። የእኛ ሰፈር አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፣ ያንቺም ያው መሆን አለበት። ዋልካ ሲርስ ያብጥና ውሃ አያሳልፍም። በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቅና ያታልላል። አንድ ጀሪካን ውሃ ብታፈሺበት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ አንቺም ጠጣ ትያለሽ። መሞከሪያውን ጉድጓድ ሌሊቱን ሙሉ በውሃ አርሰሽ አሳድሪው። ጠዋት እንደገና ሙዪውና በሰዓት ስንት ሴንቲሜትር እንደሚወርድ በሜትር ለኪ። እኔ ቁፋሮውን ያስቆምኩት 4 ሜትር ተኩል ላይ ገረጋንቲ፣ ማለትም ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠራማ አፈር ሲወጣ ነው። ቆፋሪዎቹ ይበቃል ሲሉ እምቢ ብዬ ነው እዚያ የደረስኩት። ግድግዳው ያለ ሲሚንቶ በደረቅ ካብ ተሠራ፣ ዙሪያው ጠጠር ተሞላ። ግቢሽ ወይም ጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ካለ ግን ቢያንስ 30 ሜትር ራቂ። ስትቆፍሪ ውሃ ከፈለቀም ወደ ታች አትቀጥዪ፣ ፍሳሹ በቀጥታ ከምንጩ ጋር ይገናኛል።

አደራ፣ ማንም ሰው ወደ አሮጌው ጉድጓድ እንዳይወርድ። ባዶ ቢመስልም ውስጡ ያለው ጋዝ ወዲያው ራስ ያስታል፣ ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይሞታል። የቀን ሠራተኛው «እኔ ለምጄዋለሁ» ቢልሽም እምቢ በዪ።

የጣሪያ ውሃ መውረጃ ወደ ታንከሩ ከገባ ዛሬውኑ አስለዪው። የወጥ ድስት ዘይት አትድፊበት። በረኪናም አታብዢ፣ ቆሻሻውን የሚያብላላውን ባክቴሪያ ይገድለዋል። ክዳኑን ሴራሚክ አታልብሺው፣ እኔ በኋላ ሰብሬዋለሁ።

ዘንድሮ ሦስተኛ ክረምቱ ነው፣ አዲሱን ማስረጊያ አንድም ቀን አላስመጠጥኩም። ክዳኑን ስታስከፍቺ የግድግዳውን ፎቶ እዚሁ ለጥፊው፣ አይቼ እነግርሻለሁ።