ለመሬት ቅየሳ የትኛው ድሮን? ስለ ካሜራና ስለ መገኛ ትክክለኛነት ለጠየቃችሁኝ መልስ

በድሮን ስለሚሠራ የመሬት ቅየሳ የሚያሳስባችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄዎቹ ከጠበቅሁት በላይ በዙ። ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የመቀየሻ መሣሪያ ለዓመታት ተሸክሜ ተራራ ወጥቻለሁ፤ ድሮን ወደ ሥራው ከገባ ወዲህ ደግሞ መንገድ፣ የድንጋይ ካባና የእርሻ ይዞታ ከአየር አንሥቻለሁ። የምመልሰውም በእጄ ከሠራሁት ተነሥቼ ነው። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ካሜራ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ወደ መገኛ ነጥብ እመልሳችኋለሁ፤ ሥራ ሲበላሽ ያየሁት ብዙውን ጊዜ ፎቶው ደብዝዞ ሳይሆን ቦታው ተዛብቶ ነውና።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድማችን። ሠርግ የምቀርጽበት ትንሽ ድሮን አለኝ፤ ፎቶው በጣም ጥርት ያለ ነው። በእሱ የአንድ ሄክታር ግቢ ፕላን ባወጣ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ የፎቶውን ጥራት አልጠራጠርም። የመጀመሪያው ችግር ድሮኑ የት ሆኖ እንዳነሣው የሚያውቀው በሜትሮች ስሕተት መሆኑ ነው፤ ልክ እንደ ስልክዎ ጂፒኤስ። በካርታው ላይ ቤቱና አጥሩ ተስማምተው ይታያሉ፤ ካርታው በሙሉ ግን ከእውነተኛ ቦታው ጥቂት ሜትሮች ርቆ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለተኛው ችግር ሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባው መዝጊያ ነው። የእነዚህ ድሮኖች ኤሌክትሮኒክ ሻተር ምስሉን በአንድ ቅጽበት አይወስድም፤ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነበዋል። ንባቡ 40 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅና ድሮኑ በሰከንድ 10 ሜትር ቢበርር፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ድረስ 40 ሴንቲ ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። ሶፍትዌሮች ይህን ያርማሉ፤ ነገር ግን ሜካኒካል ሻተር ችግሩን ከምንጩ ያስቀረዋል።

ድሮኑን ይጣሉት አልልም። በዝግታ ያብርሩት፤ በግቢው አራት ማዕዘኖችና መሐል ላይ ምልክት አኑረው በአስተማማኝ መሣሪያ ይለኩ። ለመነሻ ንድፍ የሚበቃ ሥራ ይወጣልዎታል። ለይዞታ ድንበር ግን አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ፋንተም 4 አርቲኬ በርካሽ አግኝቻለሁ። ልግዛው ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ ልጠብቅ?

መልስ፦ አርቲኬ ማለት ቤዝ ከሚባል መሬት ላይ ከተተከለ መቀበያ በሚመጣ እርማት ድሮኑ ቦታውን በሴንቲ ሜትር ደረጃ የሚያውቅበት ዘዴ ነው። ሁለቱም ድሮኖች ባለ 20 ሜጋ ፒክሰል ናቸው፤ ሁለቱም ሜካኒካል ሻተር አላቸው። ከ100 ሜትር ከፍታ አንድ ፒክሰል በመሬት ላይ የሚሸፍነው በሁለቱም 2.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ «የማቪኩ ሴንሰር ትልቅ ስለሆነ ካርታው ይበልጥ ትክክል ይሆናል» የሚላችሁን አትመኑ። ትልቁ ሴንሰር የሚጠቅመው ብርሃን ሲያንስ፣ በደመናማ ቀንና በገደል ጥላ ውስጥ ነው።

እውነተኛው ልዩነት ፍጥነቱ ነው። ፋንተሙ በሁለት ፎቶዎች መካከል 2.5 ሰከንድ ይፈልጋል፤ ማቪኩ 0.7 ሰከንድ ይበቃዋል። ፎቶዎቹ በ80 በመቶ እንዲደራረቡ ከፈለጉ፣ ፋንተሙ ከ100 ሜትር ከፍታ በሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ መሄድ አይችልም፤ ማቪኩ ግን 15 ይሄዳል። በሰፊ እርሻ ላይ ይህ የግማሽ ቀን ልዩነት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የማቪኩ አርቲኬ ሞጁል ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ነው። ሻጩ ሞጁሉን ሳይጨምር ቢሰጥዎ የገዙት ውድ የሠርግ ድሮን ነው። የፋንተሙን ደግሞ ባትሪዎቹን ሳያዩ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ባለ 45 ሜጋ ፒክሰሉን ዜንሙዝ ፒ1 ካሜራ ከተሸካሚው ድሮን ከማትሪስ 350 ጋር ለመግዛት አስቧል። ትክክለኛነቱ በእጥፍ ይጨምራል?

መልስ፦ ዝርዝሩ በእጥፍ ይጨምራል። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ100 ሜትር ከፍታ አንድ ፒክሰል 1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የመገኛ መሣሪያው ግን ያው ነው፤ በአግድም 1 ሴንቲ ሜትር፣ በከፍታ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ በዚያ ላይ ከቤዝ ጣቢያው በራቃችሁ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሚሊ ሜትር። ይህ ለፋንተሙም፣ ለማቪኩም፣ ለትልቁ ማትሪስም አምራቹ የሚሰጠው ቁጥር ነው። የፒ1 ጥቅም ከፍ ብሎ በርሮ፣ ሰፊ ቦታ በጥቂት ፎቶ ሸፍኖ ያንኑ ዝርዝር ማግኘቱ ነው። ሥራችሁ የከተማ ኮሪደር ወይም ብዙ ሺህ ሄክታር ከሆነ ዋጋውን ይመልሳል። ሃያና ሠላሳ ሄክታር ለሚቀይስ ቡድን ግን ማቪክ ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ቤዝና ሮቨር (ይዘውት እየተራመዱ ነጥብ የሚለኩበት የሳተላይት መቀበያ) ላይ ቢያውለው እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ድሮኑ አርቲኬ ካለው መሬት ላይ የመቆጣጠሪያ ነጥብ (ቦታው በትክክል የተለካ ምልክት) ማኖር ለምን ያስፈልጋል? ሻጮቹ «አያስፈልግም» ይላሉ።

መልስ፦ ከሁሉም በላይ እንዲነበብልኝ የምፈልገው መልስ ይህ ነው።

አንድ ጊዜ በደብረ ብርሃን አካባቢ የመንገድ ሥራ ይዘን ነበር። ቤዙን የተከልነው በማይታወቅ ነጥብ ላይ ነው፤ የእጅ መቆጣጠሪያው ስክሪን ላይ «አሁን ያለሁበትን ቦታ ውሰድ» የሚለውን ተጫንን። ቀኑን ሙሉ ድሮኑ ፊክስ ላይ፣ ማለትም «ቦታዬን በሴንቲ ሜትር ደረጃ አግኝቻለሁ» በሚለው ሁኔታ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ የተጻፈው ስሕተት ከሁለት ሴንቲ ሜትር በታች ነበር። ካርታው ሲወጣ እጅግ ያማረ ነበር። ረዳቴ ግን ከታወቀ ነጥብ ተነሥቶ የአንድ የውኃ ማፋሰሻ ቱቦ አፍ በሮቨር ለካና ከካርታው ጋር አስተያየው። ሁለት ሜትር ተለያዩ። አርቲኬ የሚነግራችሁ ድሮኑ ከቤዙ ምን ያህል እንደራቀ ነው፤ ቤዙ ራሱ የት እንዳለ አይነግራችሁም። ቤዙ በሁለት ሜትር ከተሳሳተ ካርታው በሙሉ አብሮት ይሄዳል፤ ስክሪኑም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ያ ልጅ ቱቦውን ባይለካ ኖሮ መንገዱ በሰው ማሳ ውስጥ ይነደፍ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከሌንሱ ይመጣል። ሶፍትዌሩ የሌንሱን የትኩረት ርቀት ከፎቶዎቹ ይገምታል። ፎቶዎቹ ሁሉ ቀጥታ ወደ ታች ከተነሡና መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ የግምቱ ስሕተት ከከፍታ ጋር ይደባለቅና መሬቱ በሙሉ አሥርና አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ አንዳንዴም መሐሉ እንደ ምጣድ ክዳን ያብጣል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ካሜራውን ጥቂት አዘንብላችሁ ተጨማሪ በረራ አድርጉ፤ አንድ ሁለት የመቆጣጠሪያ ነጥብም አስገቡ። ከእነዚህ ሌላ ለስሌቱ የማይገቡ፣ ውጤቱን ለመመርመር ብቻ የሚለኩ ቢያንስ አምስት የፍተሻ ነጥቦች ይኑሩ። ለደንበኛ የምታስረክቡት የትክክለኛነት ቁጥር ከእነዚህ ብቻ የሚወጣ ነው። ሶፍትዌሩ በራሱ ሪፖርት ላይ የሚያሳየው ስሕተት ቁጥሮቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ ከመሬቱ ጋር መስማማታቸውን አያሳይም።

ጥያቄ፦ ካርታዬን ከድሮው ፕላን ጋር ስደርበው ከ200 ሜትር በላይ ሸሸብኝ! ድሮኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይዞህ፣ ድሮኑ ደህና ነው። የድሮው ፕላን የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የቀድሞ የመገኛ ሥርዓት ነው፤ ድሮንህ ደግሞ የሚያወራው በጂፒኤስ ሥርዓት፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሁለቱ መካከል ወደ ምሥራቅ 95 ሜትር፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ሁለቱም በካርታው ፍርግርግ ዩቲኤም ዞን 37 ስለሚባሉ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ለውጡን ሶፍትዌር ውስጥ ባለው አገር አቀፍ አማካይ ቁጥር ብቻ ካደረግኸው የሜትሮች ስሕተት ይቀራል። በአካባቢህ በሁለቱም ሥርዓት የሚታወቁ ነጥቦች ፈልገህ የራስህን ማስተካከያ አስላ።

ስለ ነጥብ ከተነሣ፣ አገራችን የተቀመጠችበት መሬት በዓመት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይንቀሳቀሳል። የዛሬን የሳተላይት ልኬት ከአሥር ዓመት በፊት ከተለካ ነጥብ ጋር ስታወዳድር 30 ሴንቲ ሜትር ብታገኝ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የልኬቱ ዘመን ልዩነት ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬት የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ያሉ ነጥቦች ደግሞ እንደገና ሳይለኩ ሊታመኑ አይገባም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር አጠገብ ስንሠራ ጠዋት ፊክስ ወዲያው ይገኛል፣ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ኔትወርኩ ነው?

መልስ፦ ኔትወርኩም ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰማዩንም ጠርጥሩ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በእኛ አገር ላይ ነው፤ በዚህ ቀበቶ ላይ አዮኖስፌር የሚባለው የአየር ንብርብር የሳተላይቱን ምልክት ከሌላው ዓለም ይበልጥ ያውካል። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ይበረታል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ምልክቱን ያንቀጠቅጠዋል። አውሮፓ ውስጥ የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም። በረራችሁን ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት አድርጉት፤ ቤዙን በአምስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ትከሉ። ከሁሉም በላይ ጥሬውን የሳተላይት መረጃ በቤዙም በድሮኑም ላይ መዝግቡ፤ በረራው ላይ ፊክስ ቢጠፋ እንኳ ማታ ቢሮ ገብታችሁ ፒፒኬ በሚባለው ከበረራ በኋላ በሚደረግ ስሌት ቦታውን ታወጡታላችሁ። የሞባይል ኔትወርክ በማይደርስበት ገጠርም እኔ የምሠራው እንዲሁ ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ለጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ጥናት በድሮን ልንጠቀም እንችላለን? የደቻቱን ወንዝ የጎርፍ ታሪክ ያውቃሉ።

መልስ፦ አውቃለሁ፤ ስለዚህም በጥንቃቄ እመልሳለሁ። የድሮን ከፍታ ስሕተት ከፒክሰሉ መጠን አንድ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ በ2.7 ሴንቲ ሜትር ፒክሰል ከ4 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ለተፋሰሱ ጥናትና ጎርፉ የሚተኛበትን ሜዳ ለመለየት እጅግ ጥሩ ነው። ለቦዩ ወለል ቁልቁለት ግን አይበቃም፤ እሱን በሌቭል መሣሪያ ለኩ። ድሮኑ የሚሰጣችሁ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ያለው እንዳልሆነም አትርሱ፤ ኢጂኤም 2008 በሚባለው የባሕር ወለል ሞዴል ለውጣችሁ ከታወቀ የከፍታ ነጥብ ጋር አስተያዩት። ውኃ የሚፈሰው ከባሕር ወለል በሚለካው ከፍታ ነው።

ጥያቄ፦ ለገበሬዎች የይዞታ ካርታ እየሠራን ነው። ባሕር ዛፍ ያለበት ድንበር አይታይም። ላይዳር እንግዛ?

መልስ፦ ላይዳር በሌዘር ጨረር የሚለካ መሣሪያ ስለሆነ በቅጠሉ መካከል አልፎ መሬቱን ያያል፤ ነገር ግን መሬቱን ማየት ድንበሩን ማየት አይደለም። በዛፍ ሥር ያለ ችካል ወይም የድንጋይ ምልክት በላይዳርም ቢሆን አይለይም። እንዲህ ያለውን ድንበር ሁለቱ ጎረቤታሞችና የቀበሌው ሽማግሌዎች ባሉበት በሮቨር እየተራመዳችሁ ለኩ። በመጀመሪያ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ጊዜ ደብተር እንጂ ካርታ ያልነበረው ገበሬ፣ በሁለተኛው ደረጃ ኦርቶፎቶ (እንደ ካርታ ልኩ የተስተካከለ የአየር ፎቶ) ላይ ማሳውን ለይቶ በጣቱ ሲያሳይ ቆሜ አይቻለሁ። ያ ሰው የሚያምነው መስመሩን ራሱ ሲያሳይ ነው። በረራውን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አድርጉት። ነፋስ የሚያወዛውዘው ጤፍ ላይ ሶፍትዌሩ ከፎቶ ፎቶ የሚያመሳስለው ነጥብ ያጣል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለወንድሜ የቅየሳ ድሮን ይዤለት ልምጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፈቃዱ ሳይያዝ አይምጪበት። ድሮን ወደ አገር ለማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ወንድምሽ በድርጅቱ ስም አስቀድሞ ያመልክት።

ጥያቄ፦ ለእንጦጦ ዓይነት ተዳፋትስ?

መልስ፦ መሬቱን ተከትሎ የሚበርር ዕቅድ ይጠቀሙ። ከታች 100 ሜትር የነበረው ከፍታ ከላይ 40 ከሆነ ፒክሰሉም የፎቶ መደራረቡም ይለወጣል፤ ጫፉ ላይ ካርታው ይቀደዳል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ባትሪው በማስታወቂያው የተጻፈውን ደቂቃ አይቆይም፤ ሩቡን ለመጠባበቂያ ይተዉ።

ጥያቄ፦ ለምልክት ኖራ ይሻላል ወይስ ቀለም?

መልስ፦ በደረቅ ወቅት ኖራ በቂ ነው፤ ግን ነጭ ኖራ በነጭ አፈር ላይ ከአየር አይለይም፣ ዝናብም ያጥበዋል። እኔ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሰሌዳ እጠቀማለሁ፤ መሐሉ ላይ ሚስማር አለ። ልኬቱ ሚስማሩ ላይ ነው። ሰሌዳው የማረካቸው ልጆች ይዘውት እንዳይሄዱም የአካባቢውን አንድ ወጣት ቀጥሬ አስጠብቃለሁ።