ሊጉ መሀል ላይ ቢቆምስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከወሎ የሚደርሱን የስፖርት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ጦርነት ባለበት ወቅት የቀበሌና የሰፈር ሊግ ስለማካሄድ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ 10 ቡድኖች ያሉት ሊግ አለን። አምና መንገድ ሲዘጋ በ6ኛው ሳምንት ተቋረጠ። አንዱ ቡድን 6 ጨዋታ አድርጓል፣ ሌላው 4 ብቻ። ዋንጫው ለማን ይሰጥ በሚል እስካሁን እንደተኳረፍን ነን። ዘንድሮስ እንዴት እንጀምር?

መልስ፦ የአምናውን "አሸናፊ የለም" ብላችሁ በቃለ ጉባኤ ዝጉት። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚወጣ ደንብ፣ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ለአንዱ ቡድን የተሰፋ ነው የሚመስለው። እንዲህ መዝጋት ነውር የለበትም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሲቋረጥ ያለ ሻምፒዮን ነው የተሰረዘው። የእንግሊዝ ሊግ ደግሞ በፈረንጆች 1939 እያንዳንዱ ቡድን ገና ሦስት ጨዋታ ያህል እንዳደረገ ጦርነት ታወጀና ቆመ፤ የተደረጉት ጨዋታዎች ውጤትም ተሰረዘ።

ዘንድሮ የመጀመሪያዋ ኳስ ሳትመታ ሊጉ ሊቋረጥ እንደሚችል አስባችሁ ፕሮግራም አውጡ። 10 ቡድን በደርሶ መልስ ሲጫወት 18 ሳምንትና 90 ጨዋታ ይፈጃል። አሁን ባለው ሁኔታ ይህን ያህል ሳምንት መንገዱ ክፍት ይሆናል ብሎ መዋዋል አይቻልም። አንድ ዙር ብቻ ከሆነ 9 ሳምንትና 45 ጨዋታ ነው። እኛ የምንመክረው ግን ከዚህም ያጠረውን ነው፦ ቡድኖቹን በዕጣ አምስት አምስት አድርጋችሁ ሁለት ምድብ ክፈሉ። በየምድቡ 10 ጨዋታ በ5 ሳምንት ያልቃል፤ በየሳምንቱ አንድ ቡድን ያርፋል። ከዚያ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ሲጨመር በ7 ሳምንት ዋንጫ ይነሣል። ከ5ኛው ሳምንት በኋላ ቢቋረጥ እንኳ ሁለት የምድብ አሸናፊዎች በእጃችሁ አሉ። በጥቅምት መጀመሪያ ከተነሣችሁ የበልጉ ዝናብ ሜዳውን ጭቃ ሳያደርገው፣ ሦስትና አራት ሳምንት ቢባክንም፣ ትጨርሳላችሁ። ለአጨዳውና ለውቂያው ጊዜ ደግሞ አንድ ሁለት ሳምንት ከወዲሁ ክፍት ተዉለት፤ ገበሬ የሆነ ተጫዋች ያን ጊዜ አይገኝም።

ፕሮግራሙን በእጅ ማውጣት ቀላል ነው። በምድቡ ያሉትን 5 ቡድኖች ቁጥር ስጧቸው፣ 6ኛውን "ዕረፍት" በሉት። በግራ በኩል 1፣ 2፣ 3ን ከላይ ወደ ታች፣ በቀኝ በኩል ትይዩአቸውን ዕረፍት፣ 5፣ 4 ብላችሁ ጻፉ። ትይዩ የሆኑት ይገናኛሉ፤ ከዕረፍት ጋር የተገናኘው ያርፋል። በቀጣዩ ሳምንት 1ን በቦታው ትታችሁ ሌሎቹን በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ አዙሩ። አምስት ሳምንት ሲሞላ ሁሉም ከሁሉም ተገናኝቷል። ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው 1ንም አብሮ ሲያዞር ነው፤ ያኔ አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ፣ ሌሎቹ ጭራሽ አይገናኙም።

የአንድ ዙሩን ሊግ ከመረጣችሁ ደግሞ የማቋረጫውን አንቀጽ ከዕጣው በፊት ጻፉና የሁሉም ቡድን መሪ ይፈርምበት። እንዲህ ሊል ይችላል፦ "እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 5 ጨዋታ ካደረገ በኋላ ሊጉ ተቋርጦ በ60 ቀን ውስጥ ካልቀጠለ፣ ደረጃው የሚወጣው ነጥብን ለተደረገው ጨዋታ በማካፈል ነው። 5 ያልሞላ ቡድን ካለ ውድድሩ ያለ አሸናፊ ይዘጋል።" ማካፈሉ ለምን አስፈለገ? አንዱ ቡድን በ9 ጨዋታ 19 ነጥብ፣ ሌላው በ7 ጨዋታ 16 ነጥብ ይዘው ቢቆሙ በነጥብ የመጀመሪያው ይበልጣል። ሲካፈል ግን የመጀመሪያው 2.11፣ ሁለተኛው 2.29 ይሆናል። ሁለት ጨዋታ ያጎደለው መንገድ መዘጋቱ ከሆነ ቡድኑ ሊቀጣበት አይገባም። ስሌቱ እንከን አለበት፤ ደካሞቹን ቡድኖች አስቀድሞ የገጠመውን ይጠቅማል። ስለዚህ የማጽናኛ ደረጃ ለማውጣት እንጂ ከሊጉ የሚወርድ ቡድን ለመለየት አትጠቀሙበት። ጦርነት ባለበት ዓመት ማንም ባይወርድ ይሻላል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ተጋጣሚያችን ኬላ ላይ ታግዶ በ40 ደቂቃ ዘግይቶ በ6 ሰው ደረሰ። ፎርፌ ይገባናል ወይ? ስልክ ስለተቋረጠ አስቀድሞ ማሳወቅም አልቻለም።

መልስ፦ በ6 ተጫዋች ጨዋታ አይጀመርም፤ የጨዋታ ሕጉ የሚፈቅደው ትንሹ ቁጥር 7 ነው። ፎርፌ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፎርፌ፣ እንደተለመደው 3 ለ 0፣ መምጣት እየቻለ ላልመጣ ቡድን ቅጣት ነው። መንገድ የከለከለውን ከሰነፉ ጋር አንድ ካደረጋችሁ፣ ኬላ የሚበዛበት መንደር ቡድን በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሊጉ ይወጣል። ስለዚህ ደንባችሁ ሦስት ነገር ይለይ፦ የመጠበቂያ ጊዜ (30 ደቂቃ በቂ ነው)፣ መንገድ መዘጋቱን የሚያረጋግጥ የቀበሌ ወይም የመናኸሪያ ወረቀት በ3 ቀን ውስጥ፣ እና ለአንድ ቡድን የሚፈቀደው ሽግሽግ ብዛት። ከሁለት ጊዜ በላይ ከሆነ ጨዋታው በገለልተኛ ሜዳ ይደረግ።

ከሁሉ በላይ ርቀት አሳጥሩ። እንግሊዞች በዚያው በ1939 ሊጉን በየአካባቢው ሲከፋፍሉት የቡድን ጉዞ ከ50 ማይል፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እንዳያልፍ ወስነው ነበር። ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ በአንድ ምድብ ይሆናሉ፤ ወልዲያን ከደሴ ጋር ማጣመድ ግን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ ለፍጻሜ ካልሆነ አትሞክሩት።

ሰዓት እላፊ ካለ ጨዋታውን በ8፡00 ጀምሩት። ሁለቱ 45 ደቂቃዎች፣ 15 ደቂቃ ዕረፍትና የባከነው ጊዜ ሲደመሩ ወደ 9፡55 ያልቃል፤ እንግዳው ቡድን በብርሃን ይመለሳል። ቡድኖቹና ዳኛው ከጨዋታው በፊት ከተስማሙና የውድድሩ ደንብ ከፈቀደ 35 ደቂቃ በ35 ደቂቃ መጫወትም ይቻላል፤ በዕረፍት ሰዓት ተነሥቶ ማሳጠር ግን አይቻልም። በጥሎ ማለፍ እኩል ከወጡ ተጨማሪ ሰዓት ይቅር፣ በቀጥታ ፍጹም ቅጣት ምት ይመታ። በፈረንጆች 1946 በእንግሊዝ የጦርነት ዘመን ዋንጫ ስቶክፖርትና ዶንካስተር አሸናፊ እስኪለይ ተብሎ 203 ደቂቃ ተጫውተዋል፤ መጨረሻ ላይ ያስቆማቸው ጨለማው ነው፣ በዚያ ቀን አሸናፊም አልተገኘም።

ለስልኩ ችግር መድኃኒቱ ወረቀት ነው። የወቅቱን ፕሮግራም በሙሉ፣ ከመጠባበቂያ ቀኖቹ ጋር፣ ጽፋችሁ ቀበሌው በር፣ ወፍጮ ቤትና መናኸሪያ ላይ ለጥፉ። በስልክ የተላለፈ ለውጥ እንደማይጸናም እዚያው ይጻፍ።

ጥያቄ (ከወልዲያ ዙሪያ)፦ ሜዳችን የጦር ካምፕ ሆኖ ነበር። የጎል ቋሚዎቹም ለማገዶ ተነቅለዋል። አጽድተን ለመጫወት ምን ያስፈልገናል?

መልስ፦ መጀመሪያ አትግቡ። ጦር የሰፈረበት ወይም የተዋጋበት ሜዳ በባለሙያ ሳይታይ በወጣት ዘመቻ አይጸዳም። ሣሩን አታቃጥሉ፣ ጉድጓድ አትቆፍሩ፣ ከብትም አታስገቡ። ያልፈነዳ ተተኳሽ ዝጎ ቆርቆሮ መስሎ ይተኛል፣ ዝናብ ደግሞ ከዳገቱ አጥቦ ወደ ሜዳው ያወርደዋል፤ በመስከረም ንጹሕ የነበረ ቦታ ከበልግ በኋላ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። አጠራጣሪ ነገር ያየ ሰው በመጣበት ዱካ ይመለስ፣ ራቅ ብሎ በድንጋይ ወይም በጨርቅ ምልክት ያድርግ፣ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ያሳውቅ። ልጆች ኳስ አቀባይ ሆነው ከመስመር ውጪ ወዳለው ቁጥቋጦ ስለሚሮጡ የሜዳው ዙሪያም አብሮ ይታይ። ይህ ሳይሟላ ሌላ ሜዳ ተዋሱ፤ አንድ የውድድር ዓመት ቢዘገይ ምንም አይደለም።

ሜዳው ከተፈቀደ በኋላ ቋሚውን ከደረቀ ባሕር ዛፍ ሥሩ። 3.10 ሜትር ቆርጣችሁ 66 ሳንቲ ሜትሩን ብትቀብሩት ከመሬት በላይ 2.44 ሜትር ይቀራል። የሚቀበረውን ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፣ ምስጥ ቶሎ አይበላውም። በቋሚዎቹ መካከል 7.32 ሜትር ስለሚሆን አግዳሚው 7.60 ሜትር ያህል ርዝመት ይፈልጋል። እርጥብ እንጨት ከሰቀላችሁ በወር ውስጥ መሀሉ ይጎብጣል፤ ኳሱ ገባ አልገባ የሚለው ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚጀምረው። ሚስማር አፍጥጦ እንዳይቀር በሽቦ እሰሩት፣ የሽቦውንም ጫፍ ወደ ኋላ እጠፉ።

ማዕዘኑን ለማውጣት 12 ሜትር ገመድ በ3፣ በ4 እና በ5 ሜትር ቋጥራችሁ ሦስት ማዕዘን ስትወጥሩት፣ 3 እና 4 የሚገናኙበት ትክክለኛ ማዕዘን ነው። 90 በ60 ሜትር የሆነ ሜዳ መስመሩ ሁሉ ሲደመር ወደ 650 ሜትር ይጠጋል። ውሃ ሲነካው የሚንተከተክ ጥሬ ኖራ አትጠቀሙ፤ ዓይን ያጠፋል፣ የተላጠ ጉልበት ያቃጥላል። ፍሙ የጠፋ የተነፋ አመድ ወይም ሰጋቱራ ይበቃል፣ ብቻ በየጨዋታው ጠዋት መታደስ አለበት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ከቆቦ በኩል ተፈናቅለው የመጡ ልጆች በቡድናችን እንዲጫወቱ እንፈልጋለን። ቴሴራቸው (የተጫዋችነት መታወቂያቸው) እዚያው ቀርቷል። ሌሎች ቡድኖች የተገቢነት ክስ (ተጫዋቹ መሰለፍ አይገባውም የሚል ክስ) እናስይዛለን ይላሉ።

መልስ፦ አጫውቷቸው፣ ግን በደንብ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቡድኖች ምድቡ በአካባቢያቸው የሆነን ወታደር በእንግድነት ያሰልፉ ነበር። በጎው ጎን ቡድን አለመፍረሱ ነው፤ ክፉው ጎን፣ ትልቅ ካምፕ አጠገቡ ያለው ቡድን ያለ ልክ መጠንከሩ። ስለዚህ በአንድ ጨዋታ የሚሰለፍ እንግዳ ከ3 አይብለጥ፣ አንድ ተጫዋችም በወቅቱ ለአንድ ቡድን ብቻ ይጫወት። ለቴሴራው ምትክ የመጠለያው ወይም የቀበሌው ደብዳቤ፣ ሁለት ምስክርና ፎቶ ይበቃል፤ ቅጂው በኮሚቴው እጅ ይቀመጥ። የልጆቹን ስምና የመጡበትን ቦታ ግን ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፤ በዚህ ጊዜ ለአንዳንዱ አደጋ ሊሆን ይችላል።

የተገቢነት ክስ ከጨዋታው በፊት፣ ቡድኖቹ ተሰልፈው ሳለ፣ በጨዋታው ቅጽ ላይ ይያዝ። መንገድና ስልክ በሚቋረጥበት አካባቢ "በ48 ሰዓት ውስጥ" የሚል የክስ ጊዜ ቅርብ ያለውን ቡድን ብቻ ነው የሚጠቅመው። ዳኛው ክሱን ይመዝግብ፣ ልጁ ይጫወት፣ ኮሚቴው ከቀጣዩ ጨዋታ በፊት ይወስን።