የወለል ዓሣ በጀርባው ተገልብጦ ሲመገብ

ጥያቄ፦ በአኳሪየሜ ውስጥ ከሌሎች ዓሦች ጋር ስድስት ኮሪዶራሶች (ከወለል የሚመገቡ ትናንሽ የአምባዛ ዓሦች) አሉኝ። ቀድሞ ከወለሉ ሳይነሱ አሸዋውን እየጫሩ ይመገቡ ነበር። አሁን ግን ተንሳፋፊ ምግብ ስጨምር አንዱ ወደ ላይ ይወጣና ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ምግቡን ከውሃው ገጽ ይመጥጣል፤ ሌሎቹም ይህንኑ ጀምረዋል። ታመው ይሆን?

መልስ፦ በገለጹልን መሠረት ዓሦችዎ አልታመሙም። የደቡብ አሜሪካ ወንዞችና ጅረቶች ተወላጅ የሆነው ኮሪዶራስ አፉ የሚገኘው ከጭንቅላቱ በታች ነው፤ በጢሞቹ ወለሉን እየዳሰሰ አሸዋውን ወደ አፉ ያስገባል፣ የሚበላውን ያስቀርና ቀሪውን በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። እንዲህ ያለ አፍ ያለው ዓሣ ከውሃው ገጽ ላይ ምግብ ለማንሳት የግድ መገልበጥ አለበት። በልቶ ሲጨርስ ቀና ብሎ የሚወርድ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ምግብ በሌለበት ሰዓትም ተገልብጦ የሚንሳፈፍና መቃናት የሚያቅተው ከሆነ ግን በውሃ ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቅበት የአየር ከረጢቱ ሳይታወክ አልቀረም። በኮንጎ ተፋሰስ የሚኖረው ሲኖዶንቲስ ኒግሪቬንትሪስ የተባለው አምባዛማ ተገልብጦ መዋኘትን የዘወትር ልማዱ ስላደረገ፣ ከብዙዎቹ ዓሦች በተቃራኒ ሆዱ ከጀርባው ይጠቁራል።

ይሁን እንጂ ዓሦችዎ ለምን ወደ ላይ መውጣት እንዳስፈለጋቸው መጠየቅ ይገባል። በእኛ እምነት ምክንያቱ ረሃብ ነው፤ ከላይና ከመካከል የሚዋኙት ዓሦች ምግቡን ቀድመው ስለሚጨርሱት ወለል ድረስ የሚወርደው ጥቂት ነው። የወለል ዓሣ የሌሎችን ትርፍራፊ እየለቀመ ይኖራል የሚለው በሰፊው የተለመደ አስተሳሰብ ብዙ ዓሦችን ያስራበ ስሕተት ነው። ኮሪዶራስ በተፈጥሮው የነፍሳት እጮችን፣ ትላትሎችንና እነዚህን የመሳሰሉ ጥቃቅን እንስሳትን አድኖ የሚበላ ነው። ስለዚህ መብራቱ ከጠፋ በኋላ የሚሰጥም እንክብል ወይም የቀዘቀዙ እጮች በተለያየ ቦታ ይጣሉላቸው፤ የተረፈውንም ሳይበሰብስ ያውጡ። ወለሉ ሻካራ ጠጠር ከሆነ ምግቡ አፋቸው ወደማይደርስበት ስንጥቅ ስለሚገባና ጢማቸውም ስለሚጎዳ በደቃቅ አሸዋ ይለውጡት። አንዳንድ በመስተዋት ላይ የሚለጠፉ አምባዛዎች ሲርባቸው እንደ ዲስከስ ያሉ ጎነ ሰፊ ዓሦችን ልጋግ እየላጡ ስለሚያቆስሉ፣ እነዚህም ካሉዎት ምግባቸውን ለብቻ ይስጧቸው።

ይህንን አመጋገብ ከአየር መሳብ ጋር እንዳያምታቱት እንለምንዎታለን። ኮሪዶራስ አንዳንድ ጊዜ ወደ ላይ ተወርውሮ አየር ይውጥና ወዲያው ይመለሳል፤ ከዋጠው አየር ኦክስጅን የሚወስደው በአንጀቱ የኋለኛ ክፍል ነው። ይህ አልፎ አልፎ ሲሆን ጤናማ ነው። ሁሉም በተደጋጋሚ የሚያደርጉት ከሆነ ግን በውሃው ውስጥ ኦክስጅን ማነሱን ይጠርጥሩ፤ ሙቀቱን ይለኩ፣ ከዓሦቹ ቆሻሻና ከበሰበሰ ምግብ የሚመጡትን መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይትን ይመርምሩ፣ የውሃውን እንቅስቃሴም ይጨምሩ።

አመጋገቡን ካስተካከሉ በኋላም መገልበጣቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ ምግብ ከላይ እንደሚመጣ ለምደዋልና። ያን ጊዜ የሚመለከቱት ሆዳቸውን ነው፦ ወደ ውስጥ ካልገባና ሞላ ያለ ከሆነ፣ ከላይ የሚለቅሙትን ይተዉላቸው።