ለበርክ ሐይቅ የሚሆን የዓሣ ማጥመጃ ካያክ

ክብደትዎ 210 ፓውንድ እንደሆነና አፓርትመንት ውስጥ እንደሚኖሩ ገልጸው፣ ቨርጂንያ በሚገኘው በርክ ሐይቅ ላይ ዓሣ ለማጥመድ የትኛው ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጠባብ ጀልባ) እንደሚሻል ለጠየቁን ወንድማችን፣ በዚያው ሐይቅ ላይ የተማርኩትን ላካፍልዎ።

የመጀመሪያው ካያኬ ውስጡ ገብተው የሚቀመጡበት፣ ወርዱ 26 ኢንች ብቻ የሆነ ነበር። ሲቀዝፉት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንድ ቀን የያዝኩትን ባስ የተባለ ዓሣ በከንፈሩ ይዤ ለማውጣት ወደ ጎን ስል ጠርዙ ጠለቀና ውሃው እስከ ጭኔ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ለማጥመድ የምመክረው ከላዩ ላይ የሚቀመጡበትን ነው። የጣና ታንኳን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ቀዛፊው ከደንገሉ እስር በላይ ስለሚቀመጥ የሚረጨው ውሃ በደንገሉ መካከል ሾልኮ ይወርዳል እንጂ ታንኳውን ሞልቶ አያሰጥመውም። ይኸኛው ካያክም ሆዱ ዝግ ሆኖ አየር የያዘ፣ ወለሉም የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ያሉት በመሆኑ የገባበት ውሃ ተመልሶ ይወጣል፤ ቢገለበጥ እንኳ አቃንቶ እንደገና መውጣት ይቻላል።

በርክ 218 ኤከር ብቻ የሆነና የቤንዚን ሞተር የተከለከለበት ሐይቅ ስለሆነ ረጅምና ፈጣን ካያክ አያስፈልግዎትም። ከ10 እስከ 11 ጫማ ርዝመት ይበቃል፤ ወርዱ ግን ከ32 ኢንች ባያንስ እመርጣለሁ። የሚሸከመውን ክብደት ሲያዩ ከተጻፈው ሦስት አራተኛውን አይለፉ፤ እርስዎ ከነመልሕቅዎና ከነዕቃዎ 250 ፓውንድ ያህል ስለሚሆኑ 350 የሚል ይፈልጉ።

በእግር የሚነዱት እጅን ለማጥመጃው ዘንግ ነጻ ስለሚያደርጉ ያጓጓሉ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ከባድ ናቸው፣ ሣር በበዛበት ዳርቻም ከሥራቸው ውሃ ውስጥ ያለው መቅዘፊያቸው ይተበተባል። ደረጃ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው 60 ፓውንድ ገደማ የሆነው ይሻላል። ሱቁ ውስጥ ራስዎ አንሥተው ትከሻዎ ላይ ሳያደርጉት አይክፈሉ።

የመንሳፈፊያ ጃኬት ከመግዛትዎ በፊት ካያኩ ወንበር ላይ ለብሰውት ይቀመጡ። ጀርባው ወፍራም ከሆነ የወንበሩ መደገፊያ ወደ አንገትዎ ስለሚገፋው አውልቀው ከኋላ ያስቀምጡታል፤ መጋቢት ላይ ፀሐዩ ሞቆ ውሃው ገና በረዶ በሚመስልበት ጊዜ ደግሞ ከኋላ የተቀመጠ ጃኬት አይደርስልዎትም። ለካያክ ተብሎ የተሠራው ከታች ጀርባው ስስ መረብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሳይከብድዎ ይለብሱታል።