መጀመሪያ ደረጃውን በስንዝር ለካው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሳልቫጅ የገባ ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ባይክ ገዝተሃል። ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ኤረር በር ከሚወስዱት ቀጫጭን መንገዶች በአንዱ ላይ ያለውን የድንጋይ ደረጃ ከብስክሌቱ ሳትወርድ መንዳት ትፈልጋለህ። ከመሪው በላይ ተወርውሬ እንዳልወድቅ ፈራሁ፣ የፊቱን ሞላ በተሻለ ልቀይረው ወይ ብለሃል። ከላይ ከመለሱልህ ግማሾቹ «አቦ ተወው፣ ትሰበራለህ» አሉህ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ቂጥህን ወደኋላ አድርግና ልቀቀው»። እኔ ሐረር ተወልጄ፣ ድሬ ስምንት ዓመት ሠርቼ፣ ደረጃ ላይ ወርጄም ወድቄም ስለማውቅ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ሞላውን አትቀይር። ብርህን ለጎማና ለፍሬን ሸራ አስቀምጠው።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ደረጃ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሰውን የሚጥለው ግን ያ ለጥ ያለው፣ የተጫነ አህያ ሳይቸገር የሚወጣው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቅ ቤት ውስጥ የምታውቀው ዓይነት ደረጃ ከፍታው 17 ሴንቲ፣ እግር የሚያርፍበት መርገጫው 30 ሴንቲ አካባቢ ነው። ባለ 26 ኢንች ጎማ በዚህ ላይ ሲወርድ በየደረጃው 17 ሴንቲ እየተፈጠፈጠ አይሄድም። ጎማው ትልቅ፣ መርገጫው አጭር ስለሆነ አንዱን ጠርዝ ሳይለቅ የሚቀጥለውን ይይዛል፤ በሁለቱ መሀል የሚሰምጠው 5 ሴንቲ እንኳን አይሞላም። ካላመንክ ደረጃውን በማስመሪያ፣ ጎማውን በኮምፓስ ወረቀት ላይ ሥለህ እየው። እኔ አንድ ከሰዓት በርጫ ላይ እሱን ስሥል ውዬ ጓደኞቼ «ምርቃናው ጂኦሜትሪ ይዞት ሄደ» ብለው ስቀውብኛል። ባለ 29 ኢንቹም እዚያው ደረጃ ላይ 4 ሴንቲ ከምናምን ይሰምጣል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ «29 ካልሆነ አትሞክረው» የሚልህ ሰው ምናልባት የሚሸጥልህ ብስክሌት አለው።

አሁን ወደ ጁገል፣ በግንብ ወደታጠረችው የድሮዋ ሐረር ና። እዚህ ደረጃው በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ የተሠራ አይደለም። መርገጫው ሦስት ስንዝር የሆነ አለ፣ አምስት የሆነም አለ። የእኔ ስንዝር 22 ሴንቲ ነው፣ አንተ የራስህን ለካ። እንዲህ ሰፊ በሆነ መርገጫ ላይ ጎማው ጠርዝ ከጠርዝ መያያዝ አይችልም። ሙሉ በሙሉ ይወድቅና ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ያርፋል፤ ከፍታው 15 ከሆነ 15ቱን፣ 20 ከሆነ 20ውን ትቀምሳታለህ። በዚያ ላይ የድሮ 26 ኢንች ብስክሌት ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት 105 ሴንቲ ገደማ ነው። መርገጫው 70 ሴንቲ ሲሆን የፊቱ ጎማ በሚወድቅበት ቅጽበት የኋላው ገና መርገጫው መሀል ላይ ነው፤ የኋላው በሚወድቅበት ጊዜ ደግሞ የፊቱ መሀል ላይ ይሆናል። አፍንጫህ ወደታች፣ ከዚያ ቂጥህ ወደታች፣ ደግሞ አፍንጫህ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ብስክሌቱ የራሱን ዘፈን ጀምሯል፣ አንተ የያዝከው መሪውን ብቻ ነው። መርገጫው አንድ ሜትር ከሆነ ግን ሁለቱም ጎማዎች አብረው ይወድቃሉ። ያ አጥንት ያንቀጠቅጣል እንጂ አይገለብጥም።

ስለዚህ ሳትነዳ በፊት በእግርህ ሂድ። ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ፤ ከላይ ስታየው ሁሉም ደረጃ አንድ ይመስላል። እየቆጠርክ፣ በስንዝር እየለካህ ውጣ። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከሌሎቹ የተለየችዋን ደረጃ። ሁልጊዜ አንድ አለች። ወይ ሰውየው ጎርፍ ቤቱ እንዳይገባበት ደጁ ላይ ድንጋይ ጨምሯል፣ ወይ ቧንቧ ሲቀበር ተነስታ ከፍ ብላ ተመልሳለች። ብዙ ጊዜ የማገኛት ወደ ታችኛው ጫፍ ነው፤ ማለትም ልብህ «አለቀ» ባለበት ቦታ።

እኔን የጣለችኝ እሷ ናት። አሥራ አንድ ደረጃ ያለው፣ በራሴ ብስክሌት ሦስት ጊዜ የወረድኩት መንገድ ነበር። በአራተኛው ቀን የጓደኛዬን ብስክሌት ይዤ ሄድኩ። አሥረኛዋ ደረጃ ከሌሎቹ በአንድ መዳፍ እንደምትበልጥ አውቃለሁ፤ እዚያ ስደርስ እንደ ልማዴ ኋላውን ብቻ ለስለስ አድርጌ ልይዝ በቀኝ እጄ ጫን አልኩ። በዚያ ብስክሌት ላይ የቀኙ የፊት ፍሬን ነበር።

ይህንን በደንብ ስማ፤ ለአንተ በቀጥታ ይመለከትሃል። ሳልቫጅ ብስክሌት ከየአገሩ ነው የሚመጣው። ከእንግሊዝ ወይም ከጃፓን የመጣ የፊት ፍሬኑ በቀኝ እጅ ነው፤ ከአብዛኛው አውሮፓና ከአሜሪካ የመጣ ደግሞ በግራ። መሀል ላይ ሌላ ሰው ፈትቶ ካቦውን አቀያይሮትም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ ግቢህ ውስጥ ብስክሌቱን በእጅህ እየገፋህ አንዱን እጀታ ብቻ ያዝ፤ የትኛው ጎማ እንደሚቆም እይ። ሌላ የለመድከው ካለ ካቦውን አዘዋውር። ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ አወዳደቄ ልመለስ። እጄን ዘርግቼ ወደቅሁ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት በጣም አዝነው «ልጄ፣ ፍሬኑ እምቢ ብሎህ ነው?» አሉኝ። «ኧረ እማማ፣ እሺ ብሎኝ ነው» አልኳቸው። ውሃ አምጥተው ፊቴን አጠቡኝ። አንጓዬ ሲያብጥ ራጅ ተነሳሁ፤ «ምንም የለም» ተብዬ በማስታገሻ ተመለስኩ። ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ሌላ ቦታ ስነሳ ስካፎይድ የምትባለው ከአውራ ጣት ሥር ያለች ትንሽ አጥንት ተሰንጥቃለች። ያቺ አጥንት ስንጥቋ በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ደግሞ መነሳት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ያኔ ግን ማንም አልነገረኝም። የደም ዝውውሯ ደካማ ስለሆነ ችላ ካልካት ሳትገጥም ትቀራለች። እኔ ስምንት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ነበርኩ። እጅህን ዘርግተህ ወድቀህ፣ አውራ ጣትህን ወደ ላይ ስታቀና ሥሩ ላይ የሚታየው ጎድጓዳ ሲጫኑት የሚያምህ ከሆነ ራጁ ንጹሕ ነው ቢሉህም አትረፍ። ወጌሻ እንዲያሸው ደግሞ በፍጹም አትስጥ። የወጌሻ ልጅ የሆነው ጓደኛዬ ይቀየመኛል፤ ይቀየመኝ።

ስለ ፍሬን አያያዝ። «የፊቱን አትንካ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ቁልቁለት ላይ ክብደትህ ወደፊት ስለሚሄድ በእውነት የሚያቆምህ የፊቱ ነው፤ የኋላው ብቻውን ይቆለፍና ይንሸራተታል። ነገሩ መርገጫው ላይ የተመሠረተ ነው። ቀጥ ባለው፣ መርገጫው አጭር በሆነው ደረጃ ላይ የፊቱን በአንድ ጣት ለስላሳ አድርገህ ሳትለቅ ይዘኸው መውረድ ትችላለህ፤ ጎማው የሚገባበት ጉድጓድ የለማ። በሰፊው ላይ ግን ፍጥነትህን የምትቀንሰው ጎማው ጠፍጣፋው ላይ ሳለ ነው፤ ጠርዙን ሊለቅ ሲል ትለቀዋለህ፣ አርፎ ሲረጋጋ መልሰህ ትይዘዋለህ። ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። መሬት በሚመታበት ቅጽበት የታሰረ የፊት ጎማ ነው ሰውን ከመሪው በላይ የሚያሳልፈው። ከሰው ሁሉ የተለየ ድፍረት አይጠይቅም፣ የጣት ልምድ ነው። ደግሞም ከመጠን በላይ አትዘግይ። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ይበቃል፤ ከዚያ ከወረድክ ጎማው እያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ቆሞ ማሰብ ይጀምራል።

አቋቋም ላይ ብዙ አልልም፣ ሌሎቹ በደንብ ነግረውሃል። መቀመጫውን እስከ ታች አውርደው፣ ፔዳሎቹ እኩል ይሁኑ፣ ክብደትህ መዳፍህ ላይ ሳይሆን እግርህ ላይ ይረፍ፣ ክርንና ጉልበትህ ይታጠፍ። አንድ የማልስማማበት፦ ቂጥን የኋላ ጎማ ላይ እስኪደርስ መጎተት። ያን ያህል ወደኋላ ከሄድክ የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪው አይታዘዝልህም፤ ጁገል ውስጥ ደግሞ ግንቡ ከትከሻህ አንድ ክንድ አይርቅም። የድሮ ብስክሌትህ የሚጠቅምህ እዚህ ጋ ነው። የዛሬዎቹ መሪያቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ 76 ሴንቲ፣ አንዳንዱ 80 ይደርሳል፤ የአንተ 60 ገደማ መሆን አለበት። አዲሱ ግድግዳ ፍቆ በሚያልፍበት ቦታ አንተ በሰላም ታልፋለህ።

ጎማ። ካላማዳሪያ ያለው ከሆነና 70 ኪሎ አካባቢ ከሆንክ ነፋሱን ከፊት 35፣ ከኋላ 40 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ አድርገህ ጀምር። ብዙ ሰው ድንጋይ ይለሰልሳል ብሎ ያስተነፍሰዋል። ሲያስተነፍሱት ጠርዙ ጎማውን እስከ ቸርኬው ይጨፈልቀውና ካላማዳሪያው ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ጎሚስታው ሚስማር ነው ሊልህ ይችላል። ሁለት ትይዩ ቀዳዳ ካየህ ሚስማር አይደለም፣ ነፋስ ጨምር።

አሁን ሰዓትና ቦታ። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ገራባ ይጣላል፤ እርጥብ የጫት ቅጠል የሙዝ ልጣጭ ታናሽ ወንድም ነው። ጠዋት ረፋዱ ላይ ደጅ ይታጠባል፣ የሳሙናው ውሃ በደረጃው ይወርዳል። ድንጋዩ ራሱ ስንት ትውልድ እግርና ሰኮና ሲያለሰልሰው ኖሯል፣ ካፊያ ከነካው አትሞክረው። «እንግዲያስ ሳይነጋ እሄዳለሁ» ካልክ ደግሞ ጅቦቹ በግንቡ ቀዳዳ ወደ መኖሪያቸው የሚመለሱበት ሰዓት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይነኩም፤ ነገር ግን ጥምዝ ላይ ፊት ለፊት ሲገጥሙህ የምትይዘው ፍሬን የትኛው እንደሚሆን አላውቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሰው ነው። በቺሊዋ ቫልፓራይሶ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ በደረጃና በቀጫጭን መንገድ ላይ የብስክሌት ቁልቁለት ውድድር ሲካሄድ ኖሯል፤ ቪዲዮውን አይተህ እንደተነሳሳህ እገምታለሁ። እዚያ ግን በውድድሩ ቀን መንገዱ ዝግ ነው፣ ሰው ከአጥር ጀርባ ቆሞ ነው የሚያየው፣ ተወዳዳሪው አገጭ ድረስ የሚሸፍን ሄልሜት አድርጓል። እዚህ ደረጃው የሰው ደጅ ነው። በሩ ተከፍቶ ሕፃን ይወጣል፣ ጥምዙን ዞራ እንጨት የተሸከመች ሴት ትመጣለች። ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ እሱም አንድ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው ያቺ ውሃ ያመጡልኝ እናት እግራቸውን ዘርግተው የሚቀመጡት እዚያው አሥረኛዋ ደረጃ ላይ መሆኑ ነው። እጄ ከዳነ ወዲህ ጁገል ውስጥ ደረጃ አልነዳሁም። አንተን ግን አልከለክልህም። ከሄድክ አንድ ጓደኛህ ታች ጥምዙ ላይ ይቁም፣ እጁን ሳያነሳልህ አትነሳ።

እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ ሦስት ደረጃ ብቻ ያለው፣ ከታቹ ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልጌ ሃምሳ ጊዜ እወርዳለሁ፤ ያዝና ልቀቁ ጣትህ ውስጥ እስኪገባ። ከዚያ ከከተማው አጠገብ ያለው ተራራ፣ ሐኪም ጋራ። የእግር መንገዶቹ ላይ ድንጋዩ ራሱ ደረጃ ሠርቷል፣ መርገጫው እንደ ጁገሉ የተዘበራረቀ ነው፣ የማንም ደጅ ግን አይደለም። ስትወድቅ የሚያይህ ፍየል ብቻ ነው።

ነገ ደረጃህን ለክተህ እዚሁ ጻፍልን፦ ስንት ደረጃ፣ ከፍታው፣ መርገጫው በስንዝር፣ የተለየችዋ ስንተኛዋ እንደሆነች። የፊት ፍሬንህም በየትኛው እጅ እንደሆነ።