ጥያቄና መልስ፦ ስለ ኤርፖርት አውቶማቲክ የአየር ሁኔታ ጣቢያ

ሰላም ናችሁ? ሥራዬ የኤርፖርት የአየር ሁኔታ መሣሪያዎችን መትከልና መጠገን ነው። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሙቀቱንም ንፋሱንም ስልኬ ይነግረኛል። ፓይለት ለምን የራሱ ጣቢያ አስፈለገው?

ስልክህ የሚያሳይህ ለከተማው የተሰላ ግምት ነው። ፓይለቱ የሚፈልገው መንደርደሪያው ላይ አሁን ያለውን ነው። ቦሌን እንይ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። እዚያ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲገባ አየሩ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑም 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ያህል ይቸገራል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ለመነሳት የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል። ስንት ሰውና ስንት ዕቃ ይጫን የሚለው በዚሁ ነው የሚሰላው።

ጥያቄ፦ ከሴንሰሮቹ ሁሉ ቀልድ የማያውቀው የትኛው ነው?

ባሮሜትሩ፣ ማለትም የአየር ግፊት መለኪያው። የአውሮፕላኑ ከፍታ መለኪያ የሚስተካከለው እሱ በሚሰጠው ቁጥር ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ስህተት ከፍታውን 27 ጫማ ገደማ ያሳስታል። ጣቢያው 10 ሄክቶፓስካል አብልጦ ከተናገረ፣ አውሮፕላኑ መለኪያው ከሚለው 270 ጫማ ዝቅ ብሎ እየበረረ ነው። ደመና ውስጥ ሆኖ ወደ ተራራማ ቦታ ለሚወርድ ፓይለት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ደህና ጣቢያ ከአንድ በላይ ባሮሜትር አለው። እርስ በርስ ካልተስማሙ ቁጥሩ መውጣት የለበትም።

ጥያቄ፦ እንደ ሰመራና ጎዴ ባለ ሞቃት፣ አቧራማ ቦታ ቶሎ የሚያስቸግረው ምንድን ነው?

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ሙቀቱን ይፈራል፤ እኔ የምፈራው አቧራውን ነው። የዕይታ ርቀት መለኪያው ብርሃን ይልካል፣ አየሩ ውስጥ ካለው ነገር ተበትኖ የሚደርሰውን ይለካል። ብዙ ከተበተነ ጭጋግ ነው ይላል። አሁን ሌንሱ አቧራ ለበሰ እንበል። የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል፤ መሣሪያውም «አየሩ ጥርት ያለ ነው» ይልሃል! ሸረሪት ደግሞ በተቃራኒው ታሳስታለች። ድሯን ብርሃኑ መንገድ ላይ ስታደራ መሣሪያው ጠራራ ፀሐይ ላይ ጭጋግ ነው ይላል። የሸረሪቷ ይሻላል፤ ቢያንስ ሰው ይጠራጠራል። የአቧራውን ግን ማን ይጠረጥራል? የሌንሱን መቆሸሽ ራሱ የሚለካ መሣሪያ ግዙ የምለው ለዚህ ነው።

የሙቀት መለኪያው ማራገቢያም በአቧራ ሲታፈን ፀሐይ ያጋለውን ሙቀት እንደ አየሩ ሙቀት ያነባል። ባትሪም በሙቀት ዕድሜው ያጥራል።

ጥያቄ፦ በረዶ ባለበት አገርስ፣ ለምሳሌ አላስካ?

የሚሽከረከረው የንፋስ መለኪያ በረዶ ሲይዘው ቀጥ ይላል። ዜሮ ያነባል፤ ውጭ ግን ወጀብ ነው። ስለዚህ በድምፅ ሞገድ የሚለካና ማሞቂያ ያለው ይመረጣል።

ጥያቄ፦ መብረቅስ?

የንፋስ ምሰሶው 10 ሜትር ነው፣ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ። ደህና የመሬት መስመር ይቀበርለት። ዳታው በመዳብ ሽቦ ሳይሆን በፋይበር ይሂድ።

ጥያቄ፦ የጣቢያው ሪፖርት ላይ በቁጥር ፈንታ እዝባር (////) ተደርድሮ አየሁ። ጣቢያው ተበላሽቷል?

አንዱ ሴንሰር ዳታ አልሰጠም ማለት ነው። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል። አላውቅም የሚል ጣቢያ ከሚዋሽ ጣቢያ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሰው ታዛቢ ቀረ ማለት ነው?

አልቀረም። የደመና ከፍታ መለኪያው ሌዘሩን የሚልከው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው። ከጎን ካለው ተራራ ጀርባ የሚመጣውን ጥቁር ደመና አያይም። ሰው ግን በር ላይ ቆሞ ያየዋል።

ጥያቄ፦ ለትንሽ ኤርፖርት ልንገዛ ነው። ሻጩን ምን እንጠይቀው?

ዋጋውን ለመጨረሻ አቆዩት። መለዋወጫ ከየት፣ በስንት ጊዜ ይመጣል? ባሮሜትሩ ካሊብሬት የሚደረገው፣ ማለትም ትክክለኛነቱ ተፈትሾ የሚስተካከለው የት ነው? መብራት ቢጠፋ ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል? ሌንሱን የሚወለውለውን ሰው ግን ሻጩ አያመጣላችሁም። እሱን ከወዲሁ ከራሳችሁ ሠራተኞች መድቡ፣ ደብተርም ስጡትና የጠረገበትን ቀን ይመዝግብ።